ከሽንሌ ወዲህ

ድሬዳዋ ከምሳ በኋላ ትተኛለች። ሱቆቹ ይዘጋሉ፣ ባጃጆቹ የዛፍ ጥላ ሥር ይደረደራሉ፣ ሾፌሮቹም እግራቸውን ወደ ውጭ ዘርግተው ያንኮራፋሉ፤ በከዚራ ሰፈር ሰፋፊ ጎዳናዎች ላይ ከትኩሱ ነፋስ በቀር የሚንቀሳቀስ ነገር አይኖርም። ጡረታ የወጣችው የጂኦግራፊ መምህርት ስንዱ በዚያ ሰዓት የምትሠራው ሥራ ዘወትር ያው ነበር። የሲሚንቶውን ወለል ውሃ ትረጨዋለች፣ የእንጨት መስኮቶቹን ትዘጋለች፣ ከዚያ የባሏን የዘውገን ክንድ ይዛ፣ እግሩ ከወለሉ ጋር የተሰፋ ይመስል እየተጎተተ፣ ከወንበሩ እስከ አልጋው ታደርሰዋለች።

ዘውገ በባቡሩ ደግ ዘመን የጣቢያ ሹም ነበር። በሞተር ጩኸት መካከል ከመድረኩ ጫፍ እስከ ጫፍ የሚሰማ ድምፅ ነበረው። ፓርኪንሰን የሚሉት በሽታ መጀመሪያ የወሰደበት የእጁን እርጋታ ነው፤ ከዚያ እርምጃውን፣ ከዚያ ሳቅና ቁጣ የማይለይበት እስኪሆን ድረስ ፊቱን። በመጨረሻ ድምፁን ወሰደው፤ ከከንፈሩ የሚወጣው ጆሮዋን ካላስጠጋች የማትሰማው ሹክሹክታ ብቻ ሆነ። ስንዱ ሌላውን ሁሉ ችላው ነበር። ስለ ድምፁ ግን ለማንም ተናግራ አታውቅም።

አንድ ቀትር ላይ ወጥ ቤት ሳህን እያጠበች ሳለ ከመኝታ ቤቱ ሰማችው።

«ሃሎ! ድሬዳዋ ነው!»

ሮጣ በሩ ላይ ቆመች። ክፍሉ ጨለማ ነው፤ የእርጥብ ሲሚንቶና የጡንቻ ቅባት ሽታ አፍኖታል፤ ጣሪያው ላይ ቬንትሌተሩ ቀስ ብሎ ይንቋቋል። ዘውገ ዓይኑን እንደ ጨፈነ በጀርባው ተኝቷል፤ ቀኑን ሙሉ የሚንቀጠቀጠው ቀኝ እጁ ግን የሌለ ስልክ ጆሮው ላይ ይዞ፣ እንደ ድንጋይ ረግቷል።

«አይሆንም፣ መስመሩ ተይዟል። ደወሌ ላይ ይቁም።»

ስልኩን በዝግታ አስቀመጠ፣ ወደ ግድግዳው ዞረና እንቅልፉን ቀጠለ። ስንዱ ፊቷ በእንባ መራሱን ያወቀችው ሳሙና በያዘ እጇ ስትነካው ነው።

ስንዱ ዘውገን ይዛ የሄደችባት ዶክተር ኢክራም የቀድሞ ተማሪዋ ነበረች። በጥሞና ካዳመጠቻት በኋላ ወንበሯን አስጠጋች።

«ሰው ሕልም ሲያይ አንጎሉ ሰውነቱን ይቆልፈዋል፣ ቲቸር። ሕልሙን ተነሥቶ እንዳይኖረው። ጋሼ ዘውገ ጋ ያ ቁልፍ ላልቷል። ከዚህ በሽታ ጋር አብሮ የሚመጣ ነው።»

«ታዲያ ሲተኛ እጁ ለምን አይንቀጠቀጥም? ድምፁስ?»

«የአንጎል ክፍሎች የሚገናኙባቸው መስመሮች አሉ። ቀን ቀን የሚሠሩበት መስመር ታውኳል። ሲተኙ ትእዛዙ በሌላ በኩል የሚያልፍ ይመስላል። በየት በኩል እንደሆነ እኛም ገና በደንብ አናውቅም።»

ዘውገ ከንፈሩን አንቀሳቀሰ። ስንዱ ጎንበስ ብላ አዳመጠችው።

«ምን አሉ?»

«‹ሐዲዱ አንድ ነው› ይላል። አንዱ ሲመጣ ሌላው ዳር ወጥቶ መቆም አለበት ማለቱ ነው። የባቡር ሰው ቀልድ ነው።»

ሁለቱ ሴቶች ሣቁ። የዘውገ ፊት እንደ ወትሮው ምንም አይልም ነበር።

«ከመተኛታቸው በፊት የሚወስዱት ኪኒን እጽፋለሁ። ሕልሙን ጸጥ ያደርገዋል፤ መንቀሳቀሱም ንግግሩም ይቆማል።»

«ንግግሩም?»

«እሱም፣ ቲቸር።»

ስንዱ ኪኒኑን ከፋርማሲ ገዝታ መጣች፤ ግን ከስኳሩ ቆርቆሮ ጀርባ ከተተችው። በማግስቱ ከምሳ በኋላ ዘውገ አፉን ሲከፍት ምላሱ ላይ ያስቀመጠችለት ቫይታሚን ነበር።

ከዚያ ወዲህ ቀትሩን እንደ ቀጠሮ ትጠብቀው ጀመር። ጸጉሯን አበጥራ አልጋው አጠገብ ትቀመጣለች፤ ስልኩን ያነሳል፤ ያ ወፍራም ድምፅ ክፍሉን ይሞላዋል። «አይሻ ላይ ይቁም» አለ አንድ ቀን። ሌላ ቀን ደግሞ፣ «አዲጋላ ማን አሳለፈው? እኔ አልፈቀድኩም!» ካርታ ስታስተምር የኖረች ሴት የጣቢያዎቹ ስም ከጅቡቲ ድንበር እየተነሣ ወደ ከተማቸው እንደሚቀርብ ሳታስተውል አልቀረችም። ሕልም ነው አለች። ያ ሐዲድ ባቡር ካየ ዘመናት አልፈዋል።

ጎረቤቷ ሙና በአጥሩ ላይ ብቅ ብላ ጠራቻት። «አቦ ስንዱ! ባልሽ ዳነልሽ እንዴ? ትናንት ሲጮህ እስከ ጓሮዬ ሰማሁት። ሰው በቀትር ሲያርፍ እናንተ ገና ትፋቀራላችሁ?»

«ቅናት ነው አንቺን የሚያስጮህሽ» አለች ስንዱ። ለስንት ጊዜ ሳትቀልድ ኖራ ነበር።

ንግግሩ እየረዘመ ሄደ። አንዳንዴ ዘውገ ዓይኑን እንደ ጨፈነ ይነሣና፣ ቀጥ ባለ ወገብና በሰፊ እርምጃ እስከ መስኮቱ ይሄዳል፤ ተረከዙ ወለሉ ላይ የሚያሰማው ድምፅ ልክ እንደ ወጣትነቱ ነው። በዚያን ጊዜ ክፍሉ ውስጥ የጋለ ብረትና የግሪስ ሽታ ይነሣል፣ ከሥሩም ለረጅም ጊዜ ከተዘጋ ጉድጓድ የሚወጣ ዓይነት ቀዝቃዛ ሽታ አለ። አንድ ቀን ቆሞ፣ ላብ በአንገቱ እየወረደ፣ «ሰው አለበት አልኩህ! መስመሩ ላይ ሰው አለበት!» ብሎ ጮኸ። ከዚያ ዝም ብሎ አዳመጠ። ስንዱ ወደ እሱ ስትጠጋ፣ ከባዶ መዳፉ ውስጥ አንድ ሰው በትዕግሥት፣ ሳያቋርጥ፣ ያንኑ ጥያቄ ደጋግሞ የሚጠይቅ የመሰለ ቀጭን ድምፅ ሰማች።

የዚያን ዕለት ሲነቃ ዘውገ እጅጌዋን ያዘ። ጣቶቹ ጨርቁ ላይ ይርገፈገፋሉ።

«ኪኒኑን… ስጪኝ።»

«ወስደህ የለ እንዴ?»

«ያ አይደለም።» ትንፋሽ ወሰደ። «እምቢ ማለት ደከመኝ፣ ስንዱ። ሽንሌ ደርሷል።»

«ማን ነው ሽንሌ የደረሰው?»

ከፊቱ ላይ ገና የሚታዘዙለት ዓይኖቹ ብቻ ነበሩ፤ እነሱ ወደ ተዘጋው መስኮት ዞሩ። ከሽንሌ ወዲህ እስከ ድሬዳዋ ሌላ ጣቢያ የለም።

«ነገ እሰጥሃለሁ» አለችው፤ የምሯን ነበር። አንድ ቀን ብቻ ሰምታው፣ ከዚያ ትሰጠዋለች።

የማግስቱ ቀትር ከሌላው ቀን የከበደ ነበር፤ ወፍ እንኳ አይሰማም። ዘውገ ስልኩን አነሣ። ብዙ አዳመጠ፤ ደረቱ ከፍ ዝቅ አለ፤ ሁለት ጊዜ ከንፈሩን ከፍቶ መልሶ ገጠመው። ከዚያ በዚያ ወፍራም፣ በሚያምር ድምፅ፣ የደከመ ሰው ሸክሙን እንደሚያወርድ ሁሉ፣ «መስመሩ ነጻ ነው። ይግባ» አለ።

ቬንትሌተሩ ቆመ። ብርጭቆው ውስጥ ያለው ውሃ ተሸበሸበ፤ የመስኮቶቹ እንጨት፣ የአልጋው ብረት፣ የስንዱ ጥርሶች፣ ከወለሉ በታች ትልቅ ነገር እየዘገየ የሚገባ ይመስል ተንቀጠቀጡ። ከዚያ ሁሉም ጸጥ አለ።

ዘውገ ዓይኑን ከፈተ። ማንም ሳይደግፈው ተነሥቶ ተቀመጠ። ብርጭቆውን አንሥቶ አንዲት ጠብታ ሳያፈስ ጨለጠው፤ ከዚያ ወደ እሷ ዞሮ በሙሉ ፊቱ ፈገግ አለ።

«ስምሽን ማን ነበር ያሉኝ?»

ከውጭ የአንድ ባጃጅ ሞተር ሲነሣ ተሰማ። ከተማዋ መንቃቷ ነበር።

«ስንዱ» አለች።

«ስንዱ» አለ እሱ። በዚያ ድምፅ ስሟ ሲጠራ ስትሰማ ባዶውን ብርጭቆ ከእጁ ተቀበለችው።

ዶክተር ኢክራም እንዲህ ያለ ነገር አይታ እንደማታውቅ ተናገረች። ሙና ከበሯ ላይ እልል አለች። ጀንበር ስትጠልቅ ባልና ሚስቱ ክንድ ለክንድ ተያይዘው ከዛፎቹ ሥር ሲሄዱ ሰው ቆሞ ያያቸዋል፤ እሱ ለሁሉም እጅ ይነሣል፣ ይቀልዳል፣ ይስቃል። ስለ ድሮው ነገር ስታነሣበት በጨዋነት አዳምጦ ሌላ ወሬ ይጀምራል። እሷም ማንሳቱን ተወችው።

ቀትር ላይ ግን አሁንም ይተኛል፤ ሳይንቀሳቀስ፣ ሳይናገር። አንድ ቀን መስኮቱን ልትዘጋ ስትገባ፣ ቀኝ እጁ አንሶላው ላይ ሲንቀጠቀጥ አየች። ፊቱ ደርቋል። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ጎንበስ ብላ ጆሮዋን አስጠጋች።

«ስንዱ… እኔ ነኝ። ቀስቅሺኝ።»

እጇን ወደ ትከሻው ዘረጋች። ጣቶቿ ሊነኩት ጥቂት ሲቀራቸው፣ አመሻሽ ላይ ከደጁ ሆኖ በሙሉ ድምፁ የሚጠራት ሰው ታወሳትና እጇን ሰበሰበች። አንሶላውን እስከ አገጩ ሳበችለት፤ እንዳይነቃ ተጠንቅቃ፣ በጆሮው፣ «ተኛ የኔ ጌታ፣ ተኛ» አለችው።