በአንድ እጀታ ሁለት ጓጉንቸር

«እጅህን ትወደዋለህ?»

ከእሷ መጀመሪያ የሰማሁት ቃል ይኸው ነበር። በአሮጌው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በመሐንዲስነት ሥራ የጀመርኩ ቀን፣ ግድግዳ የሚያክለውን የኃይል ማከፋፈያ ሰሌዳ አይቼ ፈዝዤ ቆምኩ። ነጭ እብነ በረድ፣ በላዩ የመዳብ ምላሶች፣ መሃሉ ላይ ክንድ የሚያክል ዋና እጀታ። ሳላስበው እጄን ዘረጋሁ።

«እወደዋለሁ» አልኳት ዞሬ።

«እንግዲያው ኪስህ ውስጥ አስቀምጠው።»

የሰሌዳው ኤሌክትሪሻን ነበረች። ሙያውን የተማረችው እዚሁ ሰሌዳ ሥር ካረጁት ከሟች አባቷ ነው። ሕጉን ያስተማረችኝም እሷ ናት። ከሰሌዳው ጀርባ ወዳለው የኤሌክትሪክ ገመድ ቦይ ለሥራ የሚገባ ሰው እጀታውን አውርዶ ኃይሉን ያጠፋና በራሱ ጓጉንቸር ይቆልፋል፤ ቁልፉን አንገቱ ላይ ያስራል። ከቆለፈው ሰው በቀር ማንም አይከፍትም።

«ሁለት ሰው ከገባስ?»

«ሁለት ጓጉንቸር ይንጠለጠላል። አንዱ ሳይወጣ ሌላው ማብራት አይችልም።» ቀጥላም «ከስንቱ ትዳር ይሻላል» አለች።

ከዚያ ወዲያ ምሳዬን የምበላው ሰሌዳው ክፍል ሆነ። መጀመሪያ ላይ ወንበር አልሰጠችኝም። በኋላ ግን ሳልመጣ ስቀር ምሳዋን ሳትነካ ትጠብቀኝ ጀመር።

ዝናቡ ሲበረታ ሰሌዳው ተነቅሎ በአዲስ ሊተካ ተወሰነ። በዚያው ሰሞን ሩቅ ያለ ፋብሪካ እሱ ዘንድ ሥራ እንድይዝ ጠየቀኝ። ሳላማክራት መወሰን አልፈለግሁም። እንዴት እንደምነግራት ሳሰላስል ፎርማኑ ቀደሙኝ። በቁጣ ቶሎ ስለሚቃጠሉ «ጋሽ ፊውዝ» እንላቸዋለን። ወሬም እሳቸው ዘንድ አያድርም።

«ከጋሽ ፊውዝ ልስማው?» አለችኝ።

«ገና አልወሰንኩም እኮ...»

«ሰሌዳው ሲነቀል አንተም ትነቀላለህ። ነገ እዚህ አትፈልገኝ።»

በማግስቱ ጠዋት የቦዩን ገመድ ለማየት የተመደብኩት እኔ ነበርኩ፤ ስደርስ ፋብሪካው ጸጥ ብሏል። ሸማኔዎቹ በጨለማ ቆመዋል። ዋናው እጀታ ወርዶ የእሷ ጓጉንቸር ተንጠልጥሎበታል። ስልኳ አይሠራም። ጋሽ ፊውዝ መቁረጫ ይዘው መጡ።

«ተናዳ ቆልፋው ሄዳለች። ዞር በል ልጄ፣ ልቁረጠው።»

«ውስጥ ብትሆንስ?»

«ጥላህ ሄደች እኮ ነው የምልህ። እንደ ወንድ ቻለው።»

ሥራ አስኪያጁ ከኋላ መጣ። «የዛሬው ትእዛዝ ካልወጣ ሁላችንም አለቀልን። ካልተነሣህ ከአሁን ጀምሮ እዚህ ሥራ የለህም።»

ጀርባዬን እጀታው ላይ ለጠፍኩ። የምወዳት ሴት ጥላኝ ሄዳ እንድትሆን በልቤ ለመንኩ። እባክሽ ሄደሽ ይሁን... የትም ሁኚ፣ ብቻ እዚያ ውስጥ አትሁኚ።

«ጋሼ፣ አባቷ ጓደኛዎ ነበሩ። እስክመለስ ማንም እንዳይነካው።»

መቁረጫውን ቀስ ብለው አወረዱት።

ወደ ገመድ ቦዩ ወረድኩ። የዝናብ ውሃ ሞልቶታል። ጠራኋት፤ መልስ የለም። ደግሜ ጠራሁ። ያኔ ከጥልቁ ብረት በብረት ሲመታ ሰማሁ።

የዛገ የገመድ መደርደሪያ እግሯ ላይ ወድቋል። ውሃው ደረቷ ደርሷል። በደነዘዘ እጇ መፍቻ ይዛ ብረቱን ትመታለች።

«ምን ልታደርጊ ገባሽ?»

«ዛሬ ገመዱን ልታይ አንተ ልትገባ ነበራ...» ጥርሷ ይንቀጫቀጫል። «ውሃ ሞልቶት እንደሆነ ቀድሜ ልየው ብዬ።»

«ተናደሽብኝ አልነበር?»

«አሁንም ተናድጄብሃለሁ። እንድትሞት ግን አልፈለግሁም።»

ጮኬ የጠራኋቸው ሸማኔዎች ወርደው ብረቱን አነሱልኝ። ተሸክሜያት ስወጣ ጋሽ ፊውዝ ከእጀታው ፊት አልተነቃነቁም፤ እንባቸው ጉንጫቸው ላይ ይወርድ ነበር። ሥራ አስኪያጁ አንገቱን ደፍቶ ቁልፉን ለመቀበል እጁን ዘረጋ።

«እኔ ቆለፍኩ፣ እኔ እከፍታለሁ» አለች። በእቅፌ እንዳለች ቁልፉን ከአንገቷ አውልቃ ከፈተችው።

እግሯ እንደ ድሮው አልሆነም፤ ዛሬም ታነክሳለች። ሰሌዳው በሚነቀልበት ቀን ጠዋት በምርኩዟ እየተደገፈች ልትሰናበተው መጣች። ለመጨረሻ ጊዜ እጀታውን አውርዳ ቆለፈች። እኔም አዲስ ጓጉንቸር ከኪሴ አውጥቼ ከእሷ ጎን ቆለፍኩ።

«ሥራህስ? ሩቁ?»

«አልመጣም ብያቸዋለሁ።»

«ታዲያ ይሄ ምንድን ነው?»

«ልገባ ነው። ካንቺ ጋር።»

ሁለቱን ጓጉንቸሮች ብዙ አየቻቸው። ከዚያ እንባዋን በእጅጌዋ ጠርጋ፦

«ቁልፉን አንገትህ ላይ እሰረዋ» አለችኝ።