ባጅ ያላት አርፋጅ

«አንቺ የማኅበሩ ነሽ፣ ግቢ» አሉና ጥበቃው ጋሽ ይገዙ የኮሌጁን በር ለሩፋይዳ ገርበብ አደረጉላት። ሌሎቹን አርፋጆች ግን ክንዳቸውን ዘርግተው መለሷቸው። የተማሪዎች ማኅበር ምክትል ሰብሳቢ ሆና ከተመረጠች ወዲህ፣ አንገቷ ላይ ያለው ባጅ በፈለገችው ሰዓት ያስገባታል።

ገባች እንጂ ደስ አላላትም። ጓደኛዋ ረይሃና በጣም ናፍቃታለች። ድሮ ከአዲሱ ገበያ የሚመጡት አብረው ነበር፤ አንድ የጆሮ ማዳመጫ ለሁለት ተካፍለው፣ ታክሲው ውስጥ ሰው ሁሉ ዞሮ እስኪያያቸው እየሳቁ። በምርጫው ሰሞን ረይሃና «ሩፋይዳን ምረጡ!» ስትል ድምፅዋ እስኪዘጋ ጮኻላታለች። በምላሹ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «የዚህን በር ነገር አንድ በይልኝ፣ በቃ።»

ረይሃና እናቷ ከታመሙ ወዲህ ታናናሾቿን ትምህርት ቤት ሳታደርስ መምጣት አትችልም። ከበሩ ላይ ስትመለስ፣ ስትመለስ፣ በመጨረሻ ቀረች። አሁን ሽሮ ሜዳ፣ አክስቷ ሱቅ ውስጥ ነጠላ ትሸጣለች።

የዚያን ቀን ከሰዓት ማኅበሩ ከዲኑ ጋር ስብሰባ ነበረው። ሰብሳቢው ሀምዳን ሩፋይዳን ኮሪደሩ ላይ አስቆማት።

«ስሚ፣ የበሩን ጉዳይ ዛሬ እንዳታነሺ። ሰውዬው ሙዳቸው ጥሩ ነው፤ የምረቃ ጉዞውን ሊፈቅዱልን ነው። አታበላሺብን።»

«መቼ ይነሳ ታዲያ?»

«ሌላ ጊዜ። አንቺን እንደሆነ ማንም አይከለክልሽ!»

ዲኑ እየሳቁ ጉዞውን ፈቀዱ። ከዚያም ወደ እሷ ዞረው «ሌላ ጥያቄ አለ?» አሏት። ሀምዳን አፈጠጠባት።

«የለም» አለች። ሁሉም አጨበጨበ። እሷም አብራ አጨበጨበች፤ በራሷ አፈረች።

ገና ከግቢው ሳትወጣ ስልኳ ጮኸ።

«እሺ የኔ ምክትል» አለች ረይሃና፣ «አነሳሽው?»

«እ... ማለቴ፣ ዛሬ አልተመቸም።»

ሩፋይዳ ምነው በሰደበችኝ ብላ ተመኘች።

«ችግር የለውም። ደንበኛ መጣብኝ፣ ቻው።»

በማግስቱ ሩፋይዳ በጊዜ ደረሰች፤ ግን አልገባችም። አጥሩን ተደግፋ በሩ እስኪዘጋ ጠበቀች። አርፋጆቹ አንድ በአንድ እየመጡ አጠገቧ ቆሙ።

«ምነው ልጄ፣ አትገቢም እንዴ?» አሉ ጋሽ ይገዙ ግራ ገብቷቸው።

ባጇን አውልቃ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። «አይ ጋሽዬ፣ እኔም አርፍጃለሁ። የምገባው ከነሱ ጋር ነው።»

ከዚያ ስልኳን አወጣች።

«ረይሁ፣ በሩ ላይ ነኝ፤ በውጪ በኩል። ልጆቹን አድርሰሽ ነይ፣ እጠብቅሻለሁ።»

መልሱን ሳትሰማ ከኋላዋ ክላክስ ተነፋ። የዲኑ መኪና ነው። ሌሎቹ መንገድ ሲለቁ፣ ሩፋይዳ ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንደያዘች ወደ መስኮቱ ተራመደች።