ከጆሮ ጀርባ

«ጨረስሽ?» አለ አባቷ፣ በርጩማው ላይ አንገቱን እንደደፋ።

ቀጮ ገና አልነካችውም። ፋሻው ከጆሮው ጀርባ ካለው ቁስል ጋር ተጣብቋል። ጠርዙ ቢጫ ሆኖ ረጥቧል፤ ይሸታል። ትንፋሿን ያዘች። ከዚያም እንደ ትናንቱ፣ አዲሱን ፋሻ በአሮጌው ላይ ደርባ በፕላስተር አሸገችው።

«ጨርሻለሁ፣ አባዬ።»

አባቷ ፀጉር አስተካካይ ነው። ቀኑን ሙሉ የሰው ማጅራት ሲያይ ይውላል፤ የራሱን ግን ያየለት አልነበረም። ከጆሮው ጀርባ የወጣበት እብጠት ሐምራዊ ነበር፤ ሕመምም አልነበረውም። «ብጉንጅ ነው» ብሎ በአልኮል እያሸ ከረመ። ሐኪም ከእብጠቱ ቆንጥሮ ለምርመራ ሲልክ ግን ስሙን እንኳ ሰምተውት የማያውቁት፣ ከስንት ሰው አንዱን የሚይዝ የቆዳ ካንሰር ሆኖ ተገኘ። እብጠቱን ከነዙሪያው ቆርጠው አወጡለት፤ ከአንገቱም ዕጢ አወጡ። ጉድጓዱን ከጭኑ በላጡት ቆዳ ሸፈኑት።

«ቁስሉ ካልጠገገ የጨረር ሕክምና አንጀምርም» ብላ ነበር ነርሷ፣ አሠራሩን ለቀጮ እያሳየቻት። «ይሄ በሽታ ደግሞ ጊዜ አይሰጥም። አሮጌውን ፋሻ በጨው ውሃ አርሰሽ ቀስ ብለሽ ታነሺዋለሽ። በየቀኑ። እሺ፣ የኔ ቆንጆ?»

«እሺ» ብላ ነበር። እናቷ ፋብሪካ ስለምትውል ሌላ ሰው አልነበረም።

እራት ሲቀርብ ታናሽ ወንድሟ አፍንጫውን ያዘ። «ኧረ! እዚህ ቤት አይጥ ሞቷል እንዴ?»

«ዝም በል፣ አንተ ለፍላፊ!» አለች ቀጮ። ፊቷ ጋለ።

«አይጡ እኔ ነኝ» አለ አባቷ እየሳቀ። ሰሃኑን አንስቶ ወጣና ደጃፉ ላይ ጀርባውን ሰጥቷቸው ተቀመጠ።

ቀጮ እጇን ከማዕዱ ሰበሰበች። ነገ ቀጠሮ ነው። ዝም ብትል ነርሷ በሽታው ባሰበት ብላ ታልፈው ይሆናል። አባቷ እንደሆነ ከአሁኑ በሽታው በቁሙ ያበሰበሰው መስሎታል።

ተነስታ ውሃ አፈላች። ጨው ጨምራ እስኪበርድ ጠበቀችና ውሃውንና ጓንቷን ይዛ ወጣች።

«አባዬ፣ አሮጌውን ፋሻ ሳላነሳ ነው ስደርብ የሰነበትኩት።»

ማኘኩን አቆመ። «ምነው፣ ልጄ?»

«አስጠላኝ።»

«እኔንም ያስጠላኛል» አለ፤ ሰሃኑንም አስቀምጦ አንገቱን ደፋላት።

የላይኛው ፋሻ በቀላሉ ተነሳ። ከሁለተኛው ሥር የነበረው መግል ጓንቷ ላይ ሲፈስ ግን ሮጣ ሄዳ አጥሩ ሥር አስመለሰች።

«በቃ ተይው» አላት አባቷ ከኋላዋ። «ነገ ነርሷ ታነሳዋለች።»

ቀጮ አፏን ተጉመጠመጠች፤ አዲስ ጓንት አጠለቀች። ሽታው ያው ነው።

«ለነርሷ እኔው እነግራታለሁ» አለችው። «አሁን ጭንቅላትህን ወደ መብራቱ አዙርልኝ።»