የጎሚስታው ብሎግና የምስማር ጣሳው

ከብዙ ዓመት በፊት፣ አውቶቡስ ውስጥ ይሁን የክሊኒክ ወረፋ ላይ አሁን በደንብ አላስታውስም፣ ሁለት ሴቶች ከኋላዬ ሲያወሩ ሰምቻለሁ። የአንድ ጎረቤታቸውን ነገር ነበር የሚያነሱት። አንደኛዋ የሰውየውን ነውር ዘርዝራ ስትጨርስ ሌላዋ፣ «እሱን ራሱን ጠየቅሽው?» አለቻት። የመጀመሪያዋ ስትመልስ ሳቋ ሳይቀር ትዝ ይለኛል፦ «ምን ብዬ እጠይቀዋለሁ? ሁሉም የሚያውቀውን!» ከዚያ በኋላ የተባለውን ረስቼዋለሁ። ያቺን ጥያቄ ግን ያኔውኑ ልብ ብያት ቢሆን ኖሮ፣ አሁን የምነግራችሁ ነገር ባልደረሰ ነበር።

አንዲት የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት አለችኝ። ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ ፎቶ ኮፒ አነሳለሁ። ትምህርቴ ብዙ አይደለም፤ ብሎግ መክፈትንም ማንም ሳያሳየኝ፣ እየተሳሳትኩ ነው የተማርኩት። በረንዳ የምንጋራው ጎሚስታ አንድ ቀን ስልኩን ይዞ መጥቶ፣ «ጋሼ፣ እኔም እንደ ሰው ገጽ ይኑረኝ እንጂ! እስከ መቼ ጎማ ስለጥፍ እኖራለሁ?» ሲለኝ ደስ አለኝ። ጨዋታ አዋቂ ነው። ከጎማ የነቀለውን ምስማር ሁሉ በጣሳ እያጠራቀመ ለደንበኛ ያሳያል፤ «እየው ጌታዬ፣ ጎማህ ምን ጎርሶ እንደመጣ!» እያለ ያስቃል።

ሦስት ነገር አስተማርኩት። ለገጹ በቃል የሚያዝ ስም እንዲያወጣ፣ አንባቢ እንዳይሰለች አጭር አድርጎ እንዲጽፍ፣ ራሱ ያነሳውን ፎቶ እንዲጨምርበት። ስለ ጎማ አያያዝ እያዋዛ መጻፍ ጀመረ፤ በሁለት ወር ውስጥ ሰፈሩ ሁሉ ያነበው ነበር። አራተኛውን ትምህርት አልነገርኩትም። እኔስ መች አውቄው!

ከእኛ ፊት ለፊት ፍሬን የሚሠራ መካኒክ አለ። ቃል ከአፉ ስለማይወጣ ጋሽ ዝምታ እንለዋለን። አንድ ረፋድ፣ በሳምንቱ መጀመሪያ እሱ ጋ ፍሬኑን ያሠራ ሚኒባስ መንገድ የምታቋርጥ ተማሪ ገጨ። ልጅቷ የጎሚስታው የእህት ልጅ ናት። እግሯ ተሰብሮ ተረፈች። ጎሚስታው ደሟ ሸሚዙ ላይ እንዳለ ከሆስፒታል ተመለሰና በቀጥታ ወደ ጋሽ ዝምታ ጋራዥ ገባ። ሰውየው ለጊዜው አልነበረም። ጠረጴዛው ላይ ግን እስከ ብረቱ የተበላ የፍሬን ሸራ ተቀምጧል። ፎቶ አነሳው። «ልጆቻችንን የሚያስጨርሰን ይሄ ነው! አሮጌ ሸራ እየገጠመ መኪናውን ወደ መንገድ ይልካል» ብሎ ጻፈ፤ የጋሽ ዝምታንም ፎቶ አከለበት።

«ጋሼ፣ እየውማ» አለኝ ስልኩን እያቀበለኝ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፤ አነበብኩና አንዲት የፊደል ስህተት አርሜለት «በርታ» አልኩት፤ ለጠፈው።

ከጽሑፉ ሥር «እጁን ቁረጡት» የሚል አስተያየት ሲደረደር አይቻለሁ። የአፍ ነገር መስሎኝ ነበር። ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ መንገዱ በሰው ተሞላ። ጋሽ ዝምታን ከተኛበት መኪና ሥር በእግሩ ጎትተው አወጡት። ምን እንዳጠፋ እንኳ የነገረው የለም። አንዱ በድንጋይ አፉን መታው። ሌላው ከጎሚስታው በር ላይ የጎማ መፍቻውን ብረት አንስቶ ቀኝ እጁ ላይ ደጋግሞ አሳረፈው፤ አጥንቱ ሲሰበር ከነበርኩበት ተሰማኝ። ጎሚስታው «ተዉት! በቃ! ትገድሉታላችሁ!» እያለ መሀል ሲገባ በክርን ፊቱን ብለው ጣሉት። የጋሽ ዝምታ ሚስት ሮጣ መጥታ ባሏ ላይ ተደፋች፤ ሲረግጡት እሷንም ጎድኗን ሰበሯት። ፖሊስ ሲደርስ ጋራዡ ይነድ ነበር።

በሦስተኛው ቀን የትራፊክ ፖሊስ የምርመራ ውጤት ታወቀ። የሚኒባሱ ፍሬን ደህና ነበር፤ ሾፌሩ ስልኩን ሲነካካ ነው ልጅቷን የገጨው። ጎሚስታው ይህን እንደሰማ ጽሑፉን አጠፋው። ሌሎች ግን ገልብጠው አባዝተውታል። የጋሽ ዝምታ ቤት ጣሪያ ላይ ድንጋይ መውረዱ አልቆመም።

ጎሚስታውን ይዤ ሆስፒታል ሄድኩ። ጋሽ ዝምታ አፉ አብጦ፣ እጁ በጄሶ ታስሮ ተኝቷል። ሚስቱ ጎድኗን ደግፋ አጠገቡ ተቀምጣለች።

«ያ የተበላው ሸራ…» አለ ጎሚስታው መሬት መሬት እያየ። «የምን ነበር?»

«ያን ቀን ጠዋት ከአንድ የጭነት መኪና ያወጣው ነው» አለችው። «አዲሱን ገጠመ፤ አሮጌውን ለባለመኪናው ሊያሳይ አስቀመጠው። ወንድሜ፣ አንተስ የነቀልከውን ምስማር ለደንበኛ ታሳይ የለም? ያን ጣሳህን አንዱ ፎቶ አንስቶ፣ 'ጎሚስታው መንገድ ላይ የሚበትነው ምስማር ይኸው' ቢልህስ?»

 ያን ጊዜ ጋሽ ዝምታ ያበጠ ከንፈሩን በግድ አላቀቀ።

«መንገዱን… ተሻግረህ ብትጠይቀኝ… እነግርህ ነበር።»

ብሎግ ልትጀምሩ ያሰባችሁ ወገኖቼ፣ አራተኛው ትምህርት ይህ ነው፤ በእኔ አቆጣጠር ግን የመጀመሪያው መሆን ነበረበት። ገጽ መክፈት አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ስለ ሰው ከመጻፋችሁ በፊት ግን መንገዱን ተሻግራችሁ ባለቤቱን ጠይቁት። የተናደዳችሁ ቀን ደግሞ ጻፉና አሳድሩት። ጽሑፍ እንድታዩለት የሚያመጣላችሁ ሰው ካለም፣ ፊደሉን ከማረማችሁ በፊት «ጠየቅኸው ወይ?» በሉት። እኔ ይህን ሳልል ቀርቼ የሰው እጅ ተሰብሯል።

ያን ዕለት ከክፍሉ ወጥተን፣ ኮሪደሩ ላይ በልቤ ጸልዬ ስጨርስ፣ ጎሚስታውን «እውነቱን ጻፍ» አልኩት።

«አጠፋሁት እኮ ጋሼ!»

«ከገጽህ ጠፋ። ድንጋይ የሚወረውሩት ግን ዛሬም እያነበቡት ነው።»

«እኔንስ ቢፈነክቱኝ? ያን ቀን አይተሃቸዋል እኮ!»

«አይቻለሁ። አይነኩህም ብዬ አልዋሽህም። ግን 'በርታ' ያልኩህ እኔ ነኝ፤ የእኔንም ስም ጨምረህ ጻፍ። በርህ ላይ አብሬህ እቆማለሁ።»

ግድግዳውን ተደገፈ። ያበጠ ጉንጩን በመዳፉ ያሻል። ከዚያ ስልኩን ከኪሱ አወጣ።

«እሺ» አለኝ። «እጽፈዋለሁ፤ በሙሉ ስሜ። ግን ከመለጠፌ በፊት ገብቼ ለጋሽ ዝምታ አነብለታለሁ፤ ልክ አይደለም ያለኝን አስተካክላለሁ። ፎቶውም የእኔ የምስማር ጣሳ ይሁን።»