ሦስቱ ቀይ ጠርሙሶች

ዶክተር ጸሐይ በሩ ሥር በጎኗ ተጋድማ ነበር። ነጭ ካፖርቷ አልቆሸሸም፤ መነጽሯም ከማይክሮስኮፑ አጠገብ ታጥፎ ተቀምጧል። መስኮት በሌላት በዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ የተሰበረ ዕቃ፣ የፈሰሰ ደም አልታየም። ሻምበል ዋቅቶላ ተንበርክኮ ቀኝ እጇን አነሣ። ጥፍሯ ሥር አረንጓዴ ቀለም ገብቷል። ቀና ብሎ በሩን አየ። በሩ አረንጓዴ ነው።

«አደጋ ካልሆነ አሻጥር ነው» አለ ከኋላው የቆመው የምርምር ቤቱ ካድሬ፣ ጓድ አድነው። «ከሁለቱ አንዱን ጽፈው ሬሳው ይነሣ።»

«ሦስተኛም አለ» አለ ዋቅቶላ።

ከእንጦጦ የወረደው የነሐሴ ዝናብ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ዓመቱ 1976 ነው። የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት ሊከበር ጥቂት ቀርቶታል፤ ከሸጎሌ በላይ ዳገቱ ላይ ያለው ይህ የምርምር ቤትም ለኤግዚቢሽኑ የሚያቀርበው አንድ ኩራት አለው። ከኢትዮጵያዊት ሴት የጡት ካንሰር ተወስዶ በጠርሙስ ውስጥ የሚኖር፣ «ጉለሌ አንድ» የተባለ የሕዋስ ዘር።

ዋቅቶላ በርሊን ስድስት ዓመት የወንጀል ምርመራ ተምሮ የተመለሰ ሰው ነው። ከተመለሰ ወዲህ እረፍት የለውም። ወንበር ሲሰጡት ይቆማል፣ መልስ ሲሰጡት ይጠይቃል። ባልደረቦቹ «አገሩን እዚያው ጥሎ የመጣ» ይሉታል፤ አንዳንዴ እሱም ያምናቸዋል። የሟቿን መነጽር ሲያይ፣ እሷም ከውጭ ተምራ ከመጣች ገና ሁለት ዓመቷ እንደሆነ የነገሩት ትዝ አለውና ፊቱን አዞረ።

ማታ የኤግዚቢሽኑን ዝግጅት ሲሠሩ ሰዓት እላፊ ደርሶባቸው ግቢው ውስጥ ያደሩት ሟቿን ጨምሮ አራት ናቸው። የግቢው በር ከውጭ ተቆልፎ፣ ዘበኞቹም ማንንም አላስገቡም። የቀሩት ሦስቱ የክፍሉ ኃላፊ ዶክተር ስብሐት፣ የላቦራቶሪ ሠራተኛዋ ሰናይትና የዕቃ ግምጃ ቤቱ ጋሽ ካሣዬ ናቸው። ሬሳውን ጠዋት ያገኙት ጋሽ ካሣዬ ነበሩ።

ዋቅቶላ ሽማግሌውን ኮሪደሩ ላይ፣ ከትልቁ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ ሲሊንደር አጠገብ አቆማቸው።

«ይህ ለምን ውጭ ቆመ?»

«ዶክተር ጸሐይ ናቸው ያስወጡት፣ ጌታዬ። ክፍሏ ጠባብ ናት፣ ትንፋሽ ያሳጥራል ብለው። ጋዙ በዚች ጎማ ግድግዳውን አልፎ ማሞቂያው ሣጥን ውስጥ ይገባል። ለሴሎቹ ነው፤ ጥቂት ጥቂት ይቀለቡታል።»

«ትናንት ሙሉ ነበር?»

«እኔው ነኝ የቀየርኩት፤ ሙሉ ነበር። ዛሬ የመለኪያው መርፌ ዜሮ ላይ ወድቋል።»

«በሩስ?»

«እ... ስገፋው ከበደኝ። እሳቸው ወድቀውበት ኖሯል። መቀርቀሪያው ግን ክፍት ነበር።»

መቀርቀሪያው በውጭ በኩል ነው። ክፍሏ ድሮ ዕቃ ቤት ነበረች፤ የነቀለው ሰው የለም።

«ዶክተር ጸሐይ ከሰናይት ጋር ተጣልተው ነበር ሲባል ሰማሁ።»

ሽማግሌው አንገታቸውን ደፉ። «ልጅቷ ጮኻለች፤ ምን እዋሻለሁ። በኋላ ግን ዓይኗን ጠራርጋ መጥታ፣ "ጋሽዬ፣ መቀስ አውሱኝ፣ ክር ልቆርጥ ነው" አለችኝ። ሰው ሊገድል ያሰበ ክር ይቆርጣል?»

ዋቅቶላ ወደ ክፍሏ ተመልሶ ከማሞቂያው ሣጥን ጀርባ አጎነበሰ። ጎማው ከሣጥኑ ተነቅሎ ወለሉ ላይ ተጋድሟል። አልተቆረጠም፤ ማሰሪያው በመፍቻ ተፈትቷል። ሣጥኑ ላይ ያለው የጎማው መግቢያ ቀዳዳ ተከፍቶ ቀርቷል። ከሥራ ጠረጴዛው በላይ ያለውን ማራገቢያ አስነሣ፤ ድምፁ እንደ ወፍጮ ነው። እያፏጨ የሚገባ ጋዝ በዚህ መሐል አይሰማም።

ጓድ አድነው ተከትሎት ገባ። «ጓድ ሻምበል፣ ነገሩ ግልጽ ነው። የተጣላቻት ሰናይት ናት። ከቀትር በኋላ መኪና ይመጣል።»

በዚያ ዘመን «መኪና ይመጣል» የሚለው ቃል ማብራሪያ አያስፈልገውም። ሄደው የተመለሱት በጣት ይቆጠራሉ።

«ከመኪናው በፊት እኔ እጨርሳለሁ» አለ ዋቅቶላ። የሚጨርስ አልመሰለውም።

ሰናይት ነጠላዋን በጉልበቷ ላይ አጣጥፋ ዕቃ ማጠቢያው አጠገብ ተቀምጣለች። ቤተሰቦቿ ሽሮ ሜዳ የሚኖሩ ሸማኔዎች ናቸው፤ እናቷ ደሳለች ከሦስት ዓመት በፊት በጡት ካንሰር ሞታለች።

«ጮኸሻል ይላሉ።»

«ጮኼያለሁ። "እናትሽ እዚህ የለችም" ቢሉዎት እርስዎ አይጮኹም?»

«እዚህ ነበረች?»

«ጉለሌ አንድ ከእናቴ ጡት ከወጣው እብጠት ነው የተባለው። ሦስት ዓመት ሙሉ መገብኳቸው። ጠዋት ሣጥኑን ስከፍት "እንዴት አደርሽ" እላለሁ። እብድ ይበሉኝ።» አፍንጫዋን ጠረገች። «ትናንት ዶክተር ጸሐይ አስቀመጡኝና፣ "ሰናይትዬ፣ እነዚህ የእናትሽ አይደሉም" አሉኝ። የአንዲት የውጭ አገር ሴት ሕዋስ ነው፤ በየዓለሙ ላቦራቶሪ የሚዘዋወር። ዶክተር ስብሐት ድሮ ይዘውት የመጡት። አንዲት ጠብታ ከተቀላቀለች እንደ አረም ነው፣ ሌላውን ውጦ ይጨርሳል አሉኝ። እናቴን በላት ማለት ነው።»

«ሁሉንም?»

«አንዲት ትንሽ ጠርሙስ ቀርታለች። ሳይቀላቀል በማቀዝቀዣ ከቆየው ናሙና ራሳቸው ያሳደጓት። ቀስ ብላ ነው የምታድገው፤ እናቴም ችኩል አልነበረችም። ለእኔ ብቻ ነው የነገሩኝ። ከነጠላዬ ጥለት ሰማያዊ ክር መዝዤ አንገቷ ላይ አሰርኩ። አባቴ የሸመነው ነው። ዶክተር ሳቁብኝ፤ "ሸማኔ ሁሉን ነገር ያስራል" አሉኝ። ግን አልፈቱትም።»

«ጉለሌ አንድ የእናትሽ እንዳልሆነ ዶክተር ስብሐት ሰምቷል?»

«ነግረዋቸዋል። "ከበዓሉ በፊት በስብሰባ ላይ እናገራለሁ" ብለዋቸዋል። እሳቸውም "ትንሽ ቆዪ" አሉ አሉ።» ቀና አለች። «ሣጥኑን ልየው? ከጠዋት ጀምሮ አላስገቡኝም።»

«ቆዪ፣ እጠራሻለሁ።»

ዶክተር ስብሐት ረጅም፣ ጸጉሩን በጥንቃቄ ያበጠረ ሰው ነው። ክፍሏ ውስጥ እንደገባ ሬሳው ወደነበረበት አላየም።

«ምን ያህሉ ተረፈ?» አለ።

ዋቅቶላ ሣጥኑን ከፈተለት። በመደርደሪያዎቹ ላይ ያሉት ጠርሙሶች ፈሳሻቸው እንደ ሎሚ ቢጫ ሆኗል። ከታችኛው ላይ ያሉት ሦስቱ ብቻ ቀይ ናቸው።

«ቀለሙ ምን ይነግራል፣ ዶክተር?»

«ፈሳሹ ምግባቸው ነው። ጤነኛ ሲሆን ቀይ ነው። ጋዙ ሲበዛ ይኮመጥጣል፣ ቢጫ ይሆናል፣ ሕዋሶቹም ይሞታሉ። ማታ ክፍሉን የሞላው ጋዝ በተከፈተው ቀዳዳ ሣጥኑም ውስጥ ገብቷል።»

«ጠርሙሶቹ ክዳን አላቸው።»

«እዚህ ውስጥ ክዳን አይጠብቅም። ግማሽ ዙር እናላላዋለን፣ እንዲተነፍሱ። የተማረ ሁሉ የሚያደርገው ነው።»

ዋቅቶላ ከቀዮቹ የአንዱን ክዳን በጣቱ ሞከረ። አልነቃነቅ አለ። «እነዚህ ጠብቀዋል።»

ስብሐት ጎንበስ ብሎ ጠርሙሶቹን አየ።

«ሰናይት ዘግታቸው ይሆናል» አለ። «ጉለሌ አንድ ናቸው። የእናቷ እንደሆኑ ታምናለች፤ እናቷን አትገድልም።»

«ይህቺ ክር የታሰረባትስ?»

«እሷ? የጸሐይ መለማመጃ ይሆናል። አታድግም፤ የማትረባ ናት።»

ቀትር ላይ ዋቅቶላ ሁሉንም ክፍሏ ውስጥ ሰበሰባቸው። አምስት ሰው ሲቆምባት መተንፈስ ያስቸግራል። ከውጭ የመኪና ሞተር ድምፅ መጣና ጠፋ፤ ሰናይት ጋሽ ካሣዬን ክንዳቸውን ያዘች።

«ዶክተር ጸሐይ በሩን በጥፍሯ ቧጣዋለች» አለ ዋቅቶላ። «ስለዚህ ለመውጣት ሞክራ ተዘግቶባት ነበር። ጠዋት ግን መቀርቀሪያው ክፍት ሆኖ ተገኘ። የዘጋው ሰው ነገሩ አደጋ እንዲመስል ተመልሶ ከፍቶታል። ከዚያ በፊት ጎማውን ከሣጥኑ ጀርባ ፈትቷል፤ እሷ ሥራዋ ላይ ስትቀመጥና ማራገቢያው ሲጮኽ፣ ከኮሪደሩ ሲሊንደሩን እስከ መጨረሻው ለቆታል፤ ጋዙም አፍኗታል።»

«መፍቻ እኔም አለኝ» አሉ ጋሽ ካሣዬ። «ጠርጥረውኝ ከሆነ ይንገሩኝ።»

«ጠርጥሬዎት ነበር። ግን ገዳዩ አንድ ሌላ ነገር አድርጓል። ሰው ለመግደል እየተዘጋጀ፣ ጋዙ ሣጥኑም ውስጥ እንደሚገባ ገባው። እጁን ሰዶ የሦስት ጠርሙሶችን ክዳን አጠበቀ። ጋሽ ካሣዬ፣ እርስዎ ከእነዚህ ውስጥ የትኛው ምን እንደሆነ ያውቃሉ?»

«ኧረ በስማም! ለእኔ ሁሉም የሚሰበር ጠርሙስ ነው።»

«ሕዋስ ያሳደገ ሰው ግን ያሳደገውን ሲሞት ማየት አይችልም። ልማድ ነው። ማታ እጁን ያዘዘው ይኸው ልማድ ነው።»

«እንግዲያው ሰናይት ናት!» አለ ጓድ አድነው። «የእናቷን አዳነች!»

ዋቅቶላ ትንሿን ጠርሙስ አውጥቶ ወደ መብራቱ ያዘ። በአንገቷ ላይ ሰማያዊ ክር አለ። ውስጧ ቢጫ ነው።

«የእናቷ ይህቺ ብቻ ናት። ትናንት ከዶክተር ጸሐይ ሰምታ፣ ክሯን ራሷ አስራባታለች። መቀሱን ያዋሷት ጋሽ ካሣዬ ናቸው። ሰናይት ጋዙ እንደሚመጣ ብታውቅ ኖሮ ከዚህ ሁሉ አንድ ክዳን ብቻ ነበር የምታጠብቀው። ይህን። እዩት፣ የላላ ነው።» በጣቱ ነካው፤ ክዳኑ ዞረ። «ያዳነው ሰው እናቷን ትቶ እንግዳዋን አዳነ። ለእሱ እናትየው የማትረባ ናት። ቃሉ የእርስዎ ነው፣ ዶክተር።»

ሰናይት ቢጫውን ፈሳሽ ትኩር ብላ አየች። «ሞታለች ማለት ነው?» አለች በቀስታ።

«ይህ ግምት ነው» አለ ስብሐት። «ማስረጃ አይደለም።»

«ልክ ነዎት» አለ ዋቅቶላ፤ በሌላ እጁ ሦስቱን ቀይ ጠርሙሶች ሰብስቦ ጠረጴዛው ሥር ባለው የበረኪና ባልዲ ውስጥ ሊጥላቸው ጎንበስ አለ። «የማንም ካልሆኑ ይደፉ።»

«ተው!» ስብሐት ጠረጴዛውን ገፍቶ ሁለት እጁን ዘረጋ። «አሥር ዓመቴ ነው! ሌላ ምንም የለኝም። ይዤ የተመለስኩት ይህን ብቻ ነው! በበዓሉ ማግስት እናርመዋለን አልኳት፤ አንድ ሳምንት ለመንኳት። አሻፈረኝ አለች። እኔ የፈለግሁት ዝም እንድትል ብቻ ነበር።»

«ዝም አለች» አለ ዋቅቶላ።

መኪናው የመጣው ለሰናይት ነበር፤ ይዞ የወረደው ግን ስብሐትን ነው። ዋቅቶላ ሦስቱን ጠርሙሶች ወደ መደርደሪያቸው መለሰ። «ይዤ የተመለስኩት» የምትለዋ ቃል እየተከተለች ታስቸግረዋለች፤ እሱስ ምን ይዞ ተመለሰ?

ጓድ አድነው በሩ ላይ እየተንቆራጠጠ ቆይቶ ጠጋ አለ። «ጓድ ሻምበል... ሦስቱ ጠርሙሶች ደህና ከሆኑ ግን፣ ለኤግዚቢሽኑ...»

ዋቅቶላ አየው። ካድሬው ቃሉን ሳይጨርስ ወጣ።

ጋሽ ካሣዬ አዲስ ሲሊንደር እያንከባለሉ አምጥተው ጎማውን መልሰው አሰሩ። ሰናይት ከትንሿ ጠርሙስ ላይ ክሩን ፈትታ በጣቷ ላይ ጠመጠመችው። ከዚያ ቀዮቹን ለረጅም ጊዜ አየቻቸው።

«ያቺ ሴትዮ ማን ናት?» አለች።

«አላውቅም። ከሞተች ብዙ ዘመኗ ነው ይባላል።»

«ልጅ ነበራት?»

«እሱንም አላውቅም።»

«ይኖራታል» አለች። እጇን ሣጥኑ ውስጥ አስገብታ ሦስቱንም ክዳኖች፣ እያንዳንዱን ግማሽ ዙር፣ አላላቻቸው።