የጥሬ ማንጎ ውሸት

«በጀልባ ነው የገባው» ትላለች ጎረቤታቸው የኦጉቱ እናት፣ ከጠዋት ጀምሮ ላገኘችው ሁሉ። ኢቦላ ከሐይቁ ማዶ፣ ከኡጋንዳ ደሴቶች፣ ከዓሣ አጥማጆች ጋር ተሻግሯል። ሬዲዮው «ተጠርጣሪ» ያለውን ሰው እሷ በወሬዋ ቀብራዋለች፤ ትናንት አንድ የነበረው ሬሳ ዛሬ ሰባት ደርሷል። ትኩሳት ያለበት ሁሉ ድንኳን ይገባል፣ ቤተሰቡ ይቆለፍበታል፣ ዓሣውንም የሚገዛው አይገኝም።

አጅዋንግ መስማቱ ሰልችቷታል። በየበሩ በበረኪና ውሃ እጅ መታጠብ ነው፤ ጣቶቿ ተሰነጣጥቀዋል። ውሃውን ከሐይቁ የምትቀዳውም እሷው ናት። ማታ ያንን ንጹሕ እጇን ይዛ ከታናሽ ወንድሟ ከኦዴራ ጎን ያለ አጎበር ትተኛለች። የታደላቸው አጎበር ሐይቁ ዳር ተዘርግቶ የእናቷ ትናንሽ ዓሦች ይደርቁበታል። የመንደሩ አጎበር ሁሉ እዚያው ነው። እዚህ አገር ከትንኝ የሚጠበቀው ዓሣ ብቻ ነው።

ኦዴራ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ እንደ እሳት ይፋጃል። እናቷ የምትለውን አስጠንታታለች፦ ጥሬ ማንጎ በልቶ ሆዱን አሞታል። «ትኩሳት» የሚል ቃል ከአፏ እንዳይወጣ። ዓሣው አልተሸጠም፤ የአጅዋንግ የትምህርት ቤት ክፍያም እዚያው አጎበር ላይ ነው።

«ወንድምሽ የት ጠፋ?» አለቻት ጓደኛዋ አቾላ በእረፍት ሰዓት።

«ጥሬ ማንጎ በልቶ ታመመ።»

«በዚህ ወር? በህልሙ ነው እንዴ የበላው?»

አቾላ በራሷ ቀልድ ሳቀች። አጅዋንግ ግን ቀሪውን ክፍለ ጊዜ ጥላ ወደ ቤት ሄደች።

ስትደርስ ኦዴራ እሷን «እማ» ብሎ ጠራት። ዓይኑ ወደ ላይ ተገልብጦ ጥርሱን ያፋጫል። እናቷ ሐይቁ ዳር ዓሣ እያገላበጠች ነው፤ ብትጠይቃት መልሱን ታውቀዋለች። በጓሮ ወደ ጤና ጣቢያ የሚወስደው መንገድ የሚያይ የለበትም፣ ግን ሩቅ ነው። ወንድሟን በነጠላ ጨርቅ አዝላ በገበያው መሐል ገባች።

«ምን ሆኖ ነው?» አለ አንድ ሰው።

«ትኩሳት ነው» አለች፣ ሁሉም እንዲሰማት።

ለባለሥልጣን መኪና እንኳ እንዲያ መንገድ ተከፍቶ አያውቅም።

ጤና ጣቢያ ጣቱን ወጉት። ወባ ነበር፣ ጭንቅላቱ ላይ የወጣ ወባ። ነርሷ ግሉኮስ እየሰካች ለምን ቀድመው እንዳላመጡት ጠየቀች። አጅዋንግ የወንድሟን እግር በነጠላው ሸፈነች።

ከቀናት በኋላ ትኩሳቱ ለቀቀው፤ ገንፎም ጠየቀ። ግን እናቱ ከኋላው ስትጠራው አልዞረም። ደግማ ጠራችው። ነርሷ፣ መስማቱ ሊመለስም ላይመለስም ይችላል አለች። እናቱ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች፣ እጇ አሁንም ዓሣ ዓሣ ይሸታል።

ከሰዓት በኋላ የኦጉቱ እናት አጥሚት ይዛ መጣች። ልጁን አይታ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«የእኔም ኦጉቱ ባለፈው ሳምንት ወባ ይዞት ነበር» አለች። «እዚሁ ነው ያመጣሁት፣ በጓሮ በኩል። ክኒን ሰጡት፣ ዳነ። ኢቦላ ነው ትሉኛላችሁ ብዬ ነው ዝም ያልኩት።»