የተቆረጠው ሃያ ሰከንድ

«ቅጂው ከሰዓቱ በሃያ ሰከንድ ይበልጣል!» አለ ኬብል፣ ማዳመጫውን ከአንድ ጆሮው ላይ ገፋ አድርጎ። «ደወሉ ሊደወል ነው፤ ቁረጪና እንገላገል።»

ሬዲዮ አልደነገጠችም። መደንገጥ የሚባል ነገር ስትፈጠርም አልተሰጣትም። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንደ ዜና አንባቢ ስለምታነብ ነው ይህ ቅጽል ስም የወጣላት፤ እሷም ወዳዋለች። ልጁ ደግሞ አንገቱ ላይ ሽቦ ሳይጠመጥም ታይቶ ስለማያውቅ ኬብል ተብሏል። «መጨረሻው ሁልጊዜ ሙዚቃ ነው» አለችና ሃያውን ሰከንድ ከጫፉ ቆረጠችው። መልሳ አላዳመጠችውም።

«የኋላ ወንበር» የሁለቱ ፖድካስት ነው። በትምህርት ቤቱ የካርታ ማስቀመጫ ክፍል ውስጥ ይቀዱታል፤ ረቡዕ ረቡዕ በእረፍት ሰዓት በግቢው ድምፅ ማጉያ ይለቁታል፤ ከዚያ ከስልክ ወደ ስልክ ይዞራል። የሚያነቡት ማንም የማይሰማቸው ልጆች የጻፉትን ነው፦ ከሥራ መጥተው ክፍል ውስጥ የሚያንቀላፉት፣ ቋንቋው ገና ያልገራላቸው፣ ዓመቱን ሙሉ እጃቸውን ሳያወጡ የሚከርሙት። አንድ ደንብ አላቸው። የጸሐፊው ስም የሚነገረው መጨረሻ ላይ ነው። «ስም ከቀደመ ሰዉ ጽሑፉን ትቶ ልጁን መመዘን ይጀምራል» ብላ ደንቡን ያወጣችው ራሷ ሬዲዮ ናት።

የዚያን ረቡዕ ጽሑፍ የጻፈችው የአንድ አናጢ ልጅ ናት። መስማት የተሳናት ናት፤ ከሬዲዮ ሁለት ወንበር ወደ ኋላ ትቀመጣለች።

«ቤታችን ውስጥ ሰው የሚያናግረኝ በወለሉ ነው» አለ ድምፅ ማጉያው በሬዲዮ ድምፅ። «አባቴ ሲገባ ሳንቃው ከተረከዜ እስከ ጉልበቴ ድረስ ይነግረኛል። ታናሽ ወንድሜ ሲገባ ሳንቃው ይስቃል። እናቴ ታማ የተኛች ሰሞን ግን ወለሉ ምንም አላለኝም። ዝምታ ምን እንደሆነ ያወቅሁት ያኔ ነው።»

ኳስ የሚራገጡት እንኳ ኳሷን ረግጠው ቆሙ። ጽሑፉ አለቀ። ሬዲዮ ስሙን ጠበቀች። ድምፅ ማጉያው ጭጭ አለ፤ ጭብጨባው ቀለጠ።

«ሙዚቃውን ዛሬ ወደ መጀመሪያው አዛውሬዋለሁ አላልኩሽም?» አለ ኬብል፣ ፊቱ አመድ መስሎ።

መልስ ሳትሰጠው ርእሰ መምህሩ በሩን በርግደው ገቡ። «አንቺ ልጅ! ራስሽን በማትሰማ ልጅ ቦታ አድርገሽ እንዴት ብታስቢው ነው እንዲህ የጻፍሽው? በቃ፣ ለትምህርት ቤቶች ውድድር የምንልከው ይህንን ነው፤ በስምሽ!»

ሬዲዮ አፏን ከፈተች። ከአፏ የወጣው «አመሰግናለሁ» የሚለው ቃል ነው። ልቧም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ለአንድ አፍታ ቅቤ ጠጣ።

«ወይ ጉድ!» አለ ኬብል ሰውየው ሲወጡ። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ግን... የጻፈችው ልጅ እንደሆነች ስሟ መቆረጡን አልሰማችም። ማን ይነግራታል?»

ከሰዓት በኋላ የአናጢው ልጅ ለሬዲዮ ወረቀት አቀበለቻት። «ስሜ ሲጠራ ምን አሉ?» ይላል። ሬዲዮ ብዕሯን አነሳች፤ እጇ ከአእምሮዋ ቀደመና «አጨበጨቡ» ብሎ ጻፈ። ልጅቷ ወረቀቱን በጥንቃቄ አጥፋ ኪሷ ከተተችው። ፊቷ በርቷል።

ማታ ሬዲዮ ራቷን ገፋ አድርጋ ተቀመጠች። ልብስ ሰፊዋ እናቷ ከመነጽራቸው በላይ አዩዋት። «ምን ሆነሽ ነው? ፊትሽ ያልተተኮሰ ሸሚዝ መሰለ።»

ሁሉንም ነገረቻቸው። እናቷ ክሩን በጥርሳቸው በጠስ አደረጉት።

«የሰው ወርቅ አያደምቅም ልልሽ ነበር፤ ግን እሱን ታውቂዋለሽ። እኔን ምን አድርጊ ትይኛለሽ? አፉ ያለው አንቺ ጋ ነው።»

በማግስቱ ጠዋት ለአናጢው ልጅ ጻፈችላት፦ «ስምሽን ቆርጬዋለሁ፤ ሳላውቅ ነው። ምስጋናውን የተቀበልኩት ግን እያወቅሁ ነው። ትናንትም ዋሽቼሻለሁ።»

ልጅቷ አነበበች። ደግማ አነበበች። ከዚያ ወረቀቱን እስኪቀደድ ድረስ ብዕሩን ተጭና ጻፈች። «አባቴ የትናንቱን ወረቀት ሥራ ቤቱ ግድግዳ ላይ በሚስማር መትቶታል። ለመጣው ደንበኛ ሁሉ ያሳያል። አሁን ምን ልበለው?» ጀርባዋን ሰጥታት ዞረች።

 ሬዲዮን እግሯ በቀጥታ ወደ ርእሰ መምህሩ ቢሮ ወሰዳት።

ሰውየው ሰምተው ሲጨርሱ ግንባራቸውን አሹ። «ነውር ነው» አሉ። «ይሁን፣ ደፍረሽ መጥተሻል። የውድድሩን ፎርም አሁኑኑ በእሷ ስም አስተካክለዋለሁ። ሌላው መስማት የለበትም። አንቺም አትዋረጂ።»

በሩ ክፍት ነበር፤ «እሺ» ብላ ብትወጣ ነገሩ እዚያው ያበቃል። ሬዲዮ ግን አልወጣችም።

«መምህር፣ ልጁ ሁሉ የሰማው በድምፅ ማጉያ ነው» አለች። «ዛሬ በእረፍት ሰዓት ሦስት ደቂቃ ይፍቀዱልኝ።»

ርእሰ መምህሩ ሰዓታቸውን አዩ። «ሦስት ደቂቃ» አሉ።

በእረፍት ሰዓት ካርታው ክፍል ውስጥ ኬብል ሽቦውን ሰካ። «ቁረጪ ያልኩሽ እኔ ነኝ፤ እኔንም ጨምሪኝ።»

«አንተ የራስህን ራስህ ትናገራለህ፤ እኔ የምናገረው የእኔን ነው» አለችው። ማይክሮፎኑን ወደ አፏ ሳበች። ቅጂ የለም፣ የሚቆረጥ የለም፤ በቀጥታ ነው።

«ይህ የኋላ ወንበር ነው። ዛሬ የምንጀምረው ከስም ነው።» የአናጢውን ልጅ ስም ከነአባቷ፣ ከነአያቷ ጠራች። «ትናንት ያጨበጨባችሁለትን ጽሑፍ የጻፈችው እሷ ናት። ስሟን የቆረጥኩት እኔ ነኝ። የእኔ መስሏችሁ ስታመሰግኑኝም እውነቱን ደብቄ ተቀብያለሁ። አፍሬያለሁ።»

በትንሿ መስኮት ወደ ታች አየች። የአናጢው ልጅ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ዳቦ ትበላለች። ምንም አልሰማችም። ግን መጀመሪያ አጠገቧ ያለው ልጅ ዞሮ አያት፤ ቀጥሎ ኳስ ተጫዋቾቹ፤ ቀጥሎ ግቢው በሙሉ። እሷም ማንን ነው የሚያዩት ብላ ወደ ኋላዋ ዞረች። ከኋላዋ ማንም የለም።

ዳቦዋን አስቀመጠች። ቀና ብላ መስኮቱን አየችና ተነሳች። ልጆቹ መንገድ ለቀቁላት፤ ወደ ካርታው ክፍል በሚወስደው ኮሪደር ገባች። አልሳቀችም።

«ተናዳለች» አለ ኬብል። «ማይኩን ልዝጋው?»

«አትንካው!» አለች ሬዲዮ። ልጅቷ ምን ልትል እንደመጣች አታውቅም። ልጅቷ የምትጽፈውን ሁሉ፣ ስድብም ቢሆን፣ ሬዲዮ ቃል ሳትቀንስ በማይኩ ጮክ ብላ ልታነበው ቆርጣለች። ተነስታ ወንበሯን ለቀቀችላትና በሩን ከፈተችላት።